የመሮው ዱካ፤ የሐውልት ቅጂ ሲታረም ረቂቅ ገጹ ስለሚጠበቅበት መንገድ

ድንጋይ ጠርቦ ሐውልት የሚያወጣ ሰው ሁለት ነገር ትቶ ያልፋል። አንደኛው ከሩቅ የሚታየው መልክ ነው፤ ይኸውም የተቀረጸው ሰው ቁመና፣ የፊቱ አቅጣጫና የልብሱ እጥፋት ነው። ሁለተኛው ቀርቦ ለሚመረምር ብቻ የሚገለጽ የገጹ ረቂቅ ነገር ነው፤ መሮው የተጓዘበት መስመር፣ ሞረዱ የፈገፈገበት ስፍራ፣ ሠራተኛው ሥራውን አቋርጦ የተወበት ድንበር የሚነበበው በዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሐውልቱ ምን እንደሚመስል ይናገራል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደ ተሠራ ይመሰክራል። ለታሪክ ተመራማሪ የሁለተኛው ምስክርነት ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም።

ሐውልት ግን እንደ መጽሐፍ ከአገር ወደ አገር አይዞርም። ስለዚህ አብዛኛው ተማሪ ሐውልቱን የሚያውቀው በቅጂ ነው። ቅጂው በጥንት ጊዜ ከጄሶ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሌዘር ጨረር ተለክቶ በኮምፒዩተር ውስጥ በሚሊዮንና በቢሊዮን በሚቈጠሩ ነጥቦች ይቀመጣል። ይሁን እንጂ የጄሶውም ሆነ የነጥቡ ቅጂ ከልኬቱ እንደ ወጣ ለሰው ዓይን አይቀርብም፤ ስፌት አለው፣ ቀዳዳ አለው፣ ከመሣሪያው የመጣ ስሕተት አለው፤ በዚህም ምክንያት አራሚ እጅ ይነካዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ የአራሚ እጅ ነው። ያሳመረ እየመሰለው ምስክሩን ያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ በየዘመኑ ምን እንደ ተደረገና ከዚያ ምን ሕግ እንደ ተገኘ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የገጹ ምስክርነት

ለነገሩ መነሻ ይሆን ዘንድ የፍሎሬንሱን ቀራጺ ሚኬላንጄሎን መውሰድ ይቻላል። ዳዊት የተባለውን ታላቅ ሐውልት ከ1501 እስከ 1504 ባለው ጊዜ ከእብነ በረድ ጠረበ። የሐዋርያው ማቴዎስን ሐውልት ግን ጀምሮ ሳይፈጽም ተወው። ሁለቱም ዛሬ በፍሎሬንስ ከተማ አካዴሚያ በተባለው ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

በማቴዎስ ላይ ቀራጺው የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ተራ በተራ ይነበባሉ። በመጀመሪያ ሹል መሮ ድንጋዩን በጥልቅ ፈልጦ ሻካራ ጐድጓዳ መስመር ይተዋል። ቀጥሎ ጥርሳም መሮ እንደ ማበጠሪያ ጐን ለጐን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮችን ያሰምራል፤ ቀራጺውም አቅጣጫውን እየለዋወጠ ስለሚመታው መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ይቈራረጣሉ፤ የአካሉም ክብነት በእነርሱ አቅጣጫ ይገለጻል። ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋ መሮና ሞረድ እነዚህን መስመሮች ያጠፋሉ፤ በመጨረሻም ገጹ እየታሸ ይለሰልሳል። ሥራው ሲፈጸም ቀድሞ የነበረው ሁሉ ስለሚሰወር፣ ሳይፈጸም የቀረው ሐውልት ለተመራማሪ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ይሆንለታል። ነገር ግን የእነዚህ መስመሮች ስፋት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። አምስት ሜትር ከሚያህል ሐውልት ላይ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነውን ነገር መጠበቅ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ከዚህ ይታወቃል።

ዋናው ሐውልት ራሱ እንኳ ከዚህ ጥፋት አላመለጠም። ዳዊት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በአደባባይ ቆሞ ፀሐይና ዝናም ሲፈራረቁበት ኖረ፤ በ1843 አሪስቶዴሞ ኮስቶሊ የተባለ ቀራጺ ሲያጸዳው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስለ ተጠቀመ ገጹ ተበላ። በ1873 ብቻ ወደ አካዴሚያ ገብቶ ከጣሪያ በታች ቆመ። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት የፓርቴኖን ቅርጾችም በ1937ና በ1938 ነጭ ሆነው እንዲታዩ ሲባል ከመዳብ በተሠሩ መፋቂያዎችና በሻካራ ማሻዎች ተፋቁ፤ ከአንዳንዶቹ ላይም ዘመናት ያኖሩት ቀለም ያለው ገጽ ለዘወትር ተነሣ። በሁለቱም ስፍራ ሠራተኞቹ ያሰቡት ማጥፋትን አልነበረም፤ ያሰቡት ማጽዳትን ነበር። ችግሩ ግን አቧራውና ምስክሩ በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ውፍረት ውስጥ ተቀምጠው መገኘታቸው ነው።

የጄሶ ዘመን

ከሌዘር በፊት ሐውልትን በሙሉ ልኩ የሚገለብጠው ዋነኛው መንገድ ጄሶ ነበር። ሠራተኛው ሐውልቱን በብዙ ክፍል እየከፈለ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ቅርጽ ማውጫ ያበጃል፤ ክፍሎቹ ሲደርቁ ይነሡና በአንድነት ይጋጠማሉ፤ ከዚያም ፈሳሽ ጄሶ በውስጣቸው ይፈሳል። ክፍሎቹ በተጋጠሙበት ስፍራ ሁሉ በቅጂው ላይ ቀጭን ስፌት ጐልቶ ይወጣል። ይህ ስፌት ለዓይን ስለማያምር አስተካካዩ በቢላዋ ይቈርጠዋል፤ በመፈግፈጊያም ያለሰልሰዋል። ታዲያ ስፌቱን ሲያለሰልስ ግራና ቀኙን ያለውን ገጽ አብሮ ማለስለሱ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ በ19ኛው መቶ ዓመት ጠንቃቆቹ ገዢዎች ስፌቱ ሳይነካ የቀረውን ቅጂ ይመርጡ ነበር። ስፌቱ አስቀያሚ ቢሆንም፣ ቅጂውን የሰው እጅ እንዳልነካው የሚያረጋግጥ ማኅተም ሆኖ ይታያቸው ነበር።

የጄሶ ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳየው የፓርቴኖን ምዕራባዊ ዙሪያ ቅርጽ ነው። የሎርድ ኤልጂን ሠራተኞች ከዚህ ክፍል አብዛኛውን ከሕንፃው ላይ ሳያወርዱ በ1802 በጄሶ ገለበጡት። ዋናው ድንጋይ ወደ ቤተ መዘክር የገባው በ1993 ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለአየርና ለከተማ ጢስ ተጋልጦ ቆየ። በ2019 የታተመ ጥናት ሁለቱን፣ ጄሶውንና ድንጋዩን፣ በሦስት አቅጣጫ ልኬት አነጻጽሮ፣ ከድንጋዩ ላይ የጠፉ ነገሮች በጄሶው ላይ ተጠብቀው እንደሚገኙ አሳየ። ነገር ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ገለጠ፤ ጄሶ ሠሪዎቹ ተሰብረው ያገኟቸውን አንዳንድ ፊቶች ከራሳቸው ሞልተው ኖረዋል። እንግዲህ በአንድ ቅጂ ውስጥ ከማናቸውም የበለጠ ታማኝ ምስክርና ከልብ የተፈጠረ ጭማሪ አብረው ተቀምጠዋል፤ ጄሶውም ሁለቱን በአንድ ነጭ ቀለም ስለሚሸፍናቸው፣ ልዩነቱ የታወቀው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ጭማሪን ከዋናው ጋር ማመሳሰል በድንጋይም ላይ ተፈጽሟል። በ1811 በግሪክ አገር በኤጊና ደሴት የተገኙትን የቤተ መቅደስ ቅርጾች የባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ገዛቸው፤ ዴንማርካዊው ቀራጺ ቶርቫልድሰንም ከ1816 ጀምሮ በሮማ ጐደሎአቸውን በአዲስ እብነ በረድ ሞላ። አዲሱ ክፍል በደንብ እንዲገጥም የጥንቱ ስብራት ገጽ ተስተካክሎ ተቈረጠ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሙኒክ ቤተ መዘክር ጭማሪዎቹን ከቅርጾቹ ላይ አነሣ፤ ነገር ግን የተቈረጠው የስብራት ገጽ ሊመለስ አልቻለም። ስብራቱ ራሱ ምስክር ነበር፤ የትኛው እጅ ከየትኛው ትከሻ ጋር ይገጥም እንደ ነበር የሚያስረዳው እርሱ ነበርና።

ጐደሎን የመሙላት ሥርዓት

ከእንደዚህ ያለው ልምድ በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት አዲስ አስተሳሰብ ጸና። በ1939 በሮማ በተቋቋመው የጥገና ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበረው ቼዛሬ ብራንዲ ለተጐዳ ሥዕል አንድ መላ አስተማረ። የጠፋው ስፍራ በቀጫጭን ቁም መስመሮች ይሞላል፤ ከሩቅ ሲያዩት መስመሮቹ ተዋሕደው ሥዕሉ ሙሉ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን መስመሮቹ ስለሚለዩ የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው አዲስ እንደ ሆነ ይታወቃል። በ1964 በቬኒስ የተፈረመው የሐውልቶችና የታሪካዊ ስፍራዎች ቻርተርም የተተካ ክፍል ከጠቅላላው ጋር ሊስማማ እንደሚገባው፣ ነገር ግን ከዋናው ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ደነገገ።

ይህ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ብራና የሚጽፍ ጸሐፊ ቃል ሲስት ፍቆ በላዩ ላይ ይጽፋል፤ የተፋቀው ስፍራ ግን ሻካራነቱ ስለማይጠፋ፣ መጽሐፉን የሚመረምር ሰው እርማት መኖሩን በጣቱ ሳይቀር ይለየዋል። የጥንት መጽሐፍ የሚያሳትም ሊቅም የጐደለውን ፊደል ከራሱ ሲሞላ በቅንፍ ይከተዋል እንጂ ከጸሐፊው ፊደል ጋር አያቀላቅለውም። የሐውልት ቅጂን የሚያርም ሰው ሥራው ከዚህ ሊቅ ሥራ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሚያነበው ፊደልን ሳይሆን የመሮን መስመር መሆኑ ብቻ ነው።

የሌዘር ዘመን

በ1998ና በ1999 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርክ ሌቮይ የመሩት፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን የሚኬላንጄሎን ሐውልቶች ለመለካት ወደ ኢጣልያ ሄደ። ዓላማው መልኩን ብቻ መገልበጥ አልነበረም፤ የመሮው መስመር እስኪታይ ድረስ ገጹን መለካት ነበር። መሣሪያው ቀይ የሌዘር መስመር በድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ከጐኑ ያለው ካሜራም መስመሩ የተጠማዘዘበትን መጠን አይቶ የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ያሰላል። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 0.29 ሚሊሜትር ያህል፣ በጥልቀት የሚለየው ልዩነት ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነበር።

ቡድኑ ገና ሥራውን ሲጀምር ከመጻሕፍት የተወሰደ ስሕተት አጋጠመው። የዳዊት ቁመት 4.34 ሜትር መሆኑን በታወቀ መጽሐፍ አንብቦ መሣሪያ ተሸካሚውን ማማ በዚያ ልክ አሠርቶ ነበር፤ ሐውልቱ ግን 5.17 ሜትር ሆኖ ስለ ተገኘ ማማውን መቀጠል ግድ ሆነ። ከዚህ በኋላ 22 ሰዎች ለ30 ሌሊት እየተፈራረቁ ዳዊትን ለኩት። የተሰበሰበው ልኬት ሁለት ቢሊዮን ሦስት ማዕዘኖችና 7,000 የቀለም ፎቶግራፎች ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አጋጥሞ በሙሉ ልኩ ማቅረብ ለጊዜው ኮምፒዩተሮች ከባድ ስለ ነበረ፣ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ ሦስት ማዕዘኖች ያሉት ሙሉ ቅጂ የተፈጸመው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2009 ነው።

ታዲያ ይህም ልኬት እንደ ጄሶው ሁሉ የራሱ ጕድለት ነበረው። አንደኛ፣ ሐውልቱ ከብዙ አቅጣጫ በብዙ ጊዜ ስለሚለካ ልኬቶቹ ሲጋጠሙ ስፌት ይፈጠራል። ሁለተኛ፣ በጣቶች መካከልና በፀጉር ጥምዝ ውስጥ ጨረሩና ካሜራው በአንድነት ሊደርሱ ስለማይችሉ ቀዳዳ ይቀራል። ሦስተኛው ከእብነ በረድ ጠባይ የመጣ ነው፤ ድንጋዩ ብርሃንን ጥቂት ወደ ውስጡ ስለሚያስገባ የሌዘሩ መስመር ጥርት ብሎ አያርፍም፤ በዚህም ምክንያት በእውነተኛው ገጽ ላይ የሌለ ጥቃቅን ሽክርክሪት በልኬቱ ላይ ይታያል። ስለዚህ ቅጂውን ማረም አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጥያቄው እንዴት ይታረም የሚለው ነው።

ማለስለስና አደጋው

የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ ማለስለስ ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ነጥብ ወስዶ በዙሪያው ወዳሉት ጐረቤቶቹ አማካይ ስፍራ ያስጠጋዋል፤ ይህንንም ደጋግሞ ያደርጋል። ከሌሎቹ ተለይቶ ጐልቶ የወጣው ነጥብ ይወርዳል፤ የሰመጠውም ይነሣል። የመሣሪያው ስሕተት በዚህ መንገድ ይጠፋል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ስሕተትን ከመሮ መስመር የሚለይበት ዕውቀት የለውም፤ ለእርሱ ሁለቱም ከጐረቤቶቻቸው የተለዩ ነጥቦች ናቸው። ስፋታቸውም የሚቀራረብ ስለ ሆነ ስሕተቱን ያጠፋው ድግግሞሽ የጥርሳም መሮውን መስመር አብሮ ያጠፋዋል። ከዚህም በላይ ገጹ በተለሰለሰ ቍጥር ጠቅላላው አካል እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ቀጭን ጣት ይበልጥ ይቀጥናል፤ ስለታም የልብስ ጠርዝ ይደነዝዛል። የኮስቶሊ አሲድ በድንጋዩ ላይ የሠራውን ሥራ፣ ያልታሰበበት ማለስለስ በቅጂው ላይ ይሠራዋል ማለት ነው።

ይህ ጕድለት በባለሙያዎቹ ዘንድ ከጥንቱ ታውቆ ነበር። ጋብሪኤል ታውቢን በ1995 ባቀረበው ጥናት አካሉ እንዳይሟሽሽ መላ አገኘ፤ ከእያንዳንዱ ማለስለስ በኋላ ገጹ በተቃራኒው በመጠኑ እንዲነፋ በማድረግ ሰፋፊው ቅርጽ መጠኑን እንዲጠብቅ አደረገ። በ2003 ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ጠርዝን የሚጠብቅ ማለስለስ አቀረቡ፤ በዚህ መንገድ አንድ ነጥብ የሚያዳምጠው በርቀት የሚቀርቡትን ጐረቤቶች ሁሉ ሳይሆን፣ በከፍታም የሚመስሉትን ብቻ ነው። ስለዚህ ከጠርዝ ወዲህ ያለው ገጽ ከጠርዝ ወዲያ ካለው ጋር አይቀላቀልም። እነዚህ ሁለቱ ግኝቶች የልብስን እጥፋትና የዓይንን ሽፋን አድነዋል። ሆኖም ከስሕተቱ ጋር በመጠን የሚተካከለውን ረቂቅ መስመር ፈጽሞ ሊያድኑት አይችሉም፤ በመጠን የማይለያዩ ሁለት ነገሮችን በመጠን ብቻ መለየት አይቻልምና። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሒሳብ ኀይል ብቻ ሳይሆን የመሮን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ዓይን ነው።

መልክን ከረቂቁ መለየት

ሁለተኛው መንገድ በጠባዩ ከዚህ የተለየ ነው። አራሚው ገጹን ከማለስለሱ በፊት ቅጂውን በሁለት ድርብ ይከፍለዋል። የታችኛው ድርብ ሰፊውን መልክ ይይዛል፤ የላይኛው ድርብ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ከዚያ ለስላሳ መልክ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይመዘግባል። በ1996 ቬንካት ክሪሽናሙርቲና ማርክ ሌቮይ ጥቅጥቅ ባለ ልኬት ላይ ለስላሳ ገጽ አልብሰው የቀረውን ረቂቅ ልዩነት ለብቻው የሚያስቀምጡበትን ስልት ገለጹ። በ1997ና በ1998 የታተሙ ሌሎች ጥናቶችም አንድን ቅጂ ከሁለት በሚበልጡ ድርቦች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ድርብ ላይ ለብቻው መሥራት እንደሚቻል አሳዩ።

የዚህ ጥቅም በምሳሌ ይገለጻል። ሁለት ልኬቶች በዳዊት ጭን ላይ ሲጋጠሙ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያህል ደረጃ ቢፈጠር፣ በቀድሞው ዘዴ የሚሠራ ሰው ደረጃውን እስኪጠፋ ያለሰልሰዋል፤ በአካባቢው ያለው የሞረድ ፋና አብሮ ይጠፋል። በድርብ የሚሠራ ሰው ግን ረቂቁን ድርብ ለጊዜው ያነሣዋል፤ ደረጃውን በታችኛው ድርብ ላይ ብቻ ያቃናዋል፤ ከዚያም ረቂቁን በተቃናው መልክ ላይ መልሶ ያለብሰዋል። መልኩ ተስተካከለ፤ የሞረዱም ፋና በስፍራው ቀረ። የመሣሪያው ስሕተት ያየለበት ስፍራ ቢኖር ደግሞ ያን ስፍራ ብቻ ለይቶ ከልሎ ያለሰልሳል፤ ከክልሉ ውጭ ያለውን አይነካም። በመጨረሻም የታረመውንና ያልታረመውን ቅጂ ጐን ለጐን አድርጎ ብርሃን ከጐን በአግድም እንዲያርፍባቸው በማድረግ ይመረምራቸዋል። ሊቃውንት በድንጋይ ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ የሚያነቡት በጧት ወይም በማታ ፀሐይ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የመሮ መስመርም የሚገለጸው በአግድም ብርሃን ነውና።

ነገር ግን ይህ ኀይል ከማለስለስ የባሰ ፈተና አመጣ። ረቂቁ ድርብ ከመልኩ ተለይቶ ሊነሣ ከቻለ፣ በሌላ ስፍራ ላይ ሊለበስም ይችላል። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት የአንድን አካል ረቂቅ ገጽ ገፎ በሌላ አካል ላይ ማልበስ እንደሚቻል በግልጽ አሳየ። ለፊልምና ለጨዋታ ሥራ ይህ ትልቅ ትሩፋት ነው። በታሪካዊ ሐውልት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ጨረር ያልደረሰበትን ቀዳዳ አራሚው ከአጠገቡ በተወሰደ የመሮ መስመር ቢሞላው፣ ሚኬላንጄሎ መሮ ያላሳረፈበትን ስፍራ መሮ አሳረፈበት ብሎ እንደ መመስከር ይቈጠራል። የለሰለሰ ቅጂ ምስክሩን ዝም ያሰኘዋል፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ግን የሐሰት ምስክር ያቆማል። ዝም ያለ ምስክር በሌላ ልኬት ሊናገር ይችላል፤ ሐሰተኛው ግን እውነተኛ መስሎ በመጽሐፍ ከተጠቀሰ በኋላ ማንም አይጠረጥረውም። የኤልጂን ሠራተኞች በጄሶ የሞሏቸው ፊቶች ሁለት መቶ ዓመት የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ጥቅጥቅ ያለ ቅጂ ከባድ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የነጥቦቹ ቍጥር ይቀነሳል። በ1998 የታተመ ሥራ ነጥቦቹ ሲቀነሱ የገጹ አቅጣጫ በሥዕል መልክ ተመዝግቦ በቀላሉ ቅጂ ላይ እንዲለበስ አደረገ። ብርሃን ሲያርፍበት የመሮው መስመር ያለ ይመስላል፤ ዓይንም ይታለላል። ነገር ግን ጥልቀቱ በእውነት የለም፤ ያንን ቅጂ ለመለካት ወይም በድንጋይና በጄሶ መልሶ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ልሙጥ ገጽ ነው። ለማሳየት የተዘጋጀ ቅጂና ለምርምር የተዘጋጀ ቅጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል።

ከታሪኩ የሚገኘው ሕግ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ ያልታረመው ልኬት ምንጊዜም መጠበቅ እንዳለበት ነው። የኤጊና ስብራት ከተቈረጠ በኋላ ሊመለስ አልቻለም፤ የኮምፒዩተር ቅጂ ግን ከድንጋይ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዋናው ሳይነካ ሺህ ጊዜ ሊታረም መቻሉ ነው። ይህን ዕድል የሚያጠፋው የአራሚው ቸልተኝነት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ የተለካውና የተሞላው ተለይተው መታወቅ እንዳለባቸው ነው። ብሪያን ከርለስና ማርክ ሌቮይ በ1996 ባቀረቡት የማጋጠሚያ ስልት ኮምፒዩተሩ መሣሪያው ያየውን፣ ባዶ መሆኑን ያረጋገጠውንና ፈጽሞ ያላየውን ስፍራ ለይቶ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሲሞላ መሙያው ከተለካው ገጽ ተለይቶ ይታወቃል። በ2002 ለዳዊትና ለመሰሎቹ የተዘጋጀው የቀዳዳ መሙያ ስልት ደግሞ የዙሪያውን ገጽ በለስላሳ አዘርግቶ ይደፍነዋል እንጂ የመሮ መስመር አይፈጥርበትም። ይህ ለስላሳ መሙያ እንደ ብራንዲ ቁም መስመር ሊታይ ይገባዋል፤ ከሩቅ ሙሉ ነው፣ ከቅርብ ግን የማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሦስተኛው፣ የአራሚው ውሳኔ ሁሉ በጽሑፍ መመዝገብ እንዳለበት ነው። የባህል ቅርስን በኮምፒዩተር ስለ ማሳየት በ2006 በለንደን የተዘጋጀው ቻርተር የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹ በማስረጃ የቆመውንና በግምት የተጨመረውን እንዲለይ፣ የሠሪው ምርጫና ምክንያት አብሮት ሊገኝ ይገባል።

ጉዳዩ የኢጣልያና የግሪክ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሃይንዝ ሩተር የተመራ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቷል። በ2010 ደግሞ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ቡድን በታተመ ጥናቱ የአብያተ ክርስቲያናቱን የአሠራር ቅደም ተከተል ከራሱ ከተፈለፈለው ዐለት ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። በግንብ ሕንፃ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ስለሚጨመር የኋለኛው ከፊተኛው በላይ ይገኛል። በውቅር ሕንፃ ላይ ግን ሥራው ሁሉ መቀነስ ስለ ሆነ፣ የኋለኛው ቍፋሮ የፊተኛውን እየበላ ይሄዳል። የቀድሞው ወለል ከፍታ፣ የተቋረጠ በር፣ በግድግዳ ላይ የቀረ የመጥረቢያ መስመር፣ የተተወ የውሃ ቦይ፣ እነዚህ ብቻ ናቸው የቀድሞውን ዘመን ከኋለኛው የሚለዩት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጠራቢዎቹ በገጹ ላይ የተዉት ምልክት የታሪክ ሰነድ ነው።

እንግዲህ የላሊበላ ግድግዳ ልኬት በአንድ አራሚ ፊት ቢቀርብና እርሱም ሻካራውን ሁሉ እንደ ስሕተት ቈጥሮ ቢያለሰልሰው፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ሥዕል ያማረ ይሆን ይሆናል፤ የጠራቢዎቹ ድምፅ ግን ይጠፋል። ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ የእነዚያ ሠራተኞች ፊርማ በዐለቱ ላይ የቀረው የመጥረቢያቸው ዱካ ነው። ቅጂን የሚያርም ሰው መሣሪያውን ከማንሣቱ በፊት ሊያጠፋው ያሰበው ነገር የመሣሪያው ስሕተት ይሁን ወይም የሰው እጅ ሥራ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ መልሱን ባላገኘ ጊዜ ደግሞ ሻካራውን እንደ ሻካራነቱ መተው ከሁሉ ይሻላል።